የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ

የሚጥል በሽታ ሰውን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል እንጂ ውሻንም ይይዛል። መንስኤው የማይታወቀው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ውሻው በድንገት ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል። ያን ጊዜ “ምላሱን ይውጣል” ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ከንቱ ድፍረት ነው፤ ምላሱን አይውጥም፣ ሳያውቀው ግን ሊነክስ ይችላል። ይልቅ በአጠገቡ ያለውን ጠንካራ ዕቃ አርቆ ሰዓት መመልከት ይሻላል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተደጋገመ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ለሰው የሚታዘዘው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታል ለውሻም ይሰጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው። መድኃኒቱ ውሻውን ያስርበዋል፣ ያስጠማዋል። ተሻለው ብሎ በድንገት ማቋረጥ በሽታውን አብሶ ሊመልሰው ይችላል።

በአገራችን ጉዳዩ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መንፈራገጥ የእብድ ውሻ በሽታ ወይም የመርዝ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መከተቡን የማታውቁትን ውሻ እንዲህ ሆኖ ካያችሁት አትንኩት። ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።