ሞተሩ ተቃጥሏል የተባለው ብስክሌት

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ሆነ ስለ ፍርድ ቤት አልጽፍም። የምጽፈው ስድስት ክረምት ያህል በታናሽ ወንድሜ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ የተሰበረ ወንበርና የጄሪካን ክምር ተጭኖበት ስለኖረ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። መቼም አመል አይለቅምና በየመሐሉ የሕግ ነገር ብጠቅስ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብስክሌቱ ወንድሜ ለንግድ ጓንዡ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ከዕቃ ጋር ጭኖ ያመጣው ነው። ፔዳል አለው፤ በኋላ እግሩ ውስጥ ደግሞ 350 ዋት ሞተር ተቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ስታግድ ወንድሜ “ሞተር ነው ቢሉኝስ?” ብሎ ፈራና በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ያኔ ሲያማክረኝ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስም ዕርዳታውን የሚያቋርጥ ከሆነ ብስክሌት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከሞተር ተሽከርካሪ ይቆጠራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ፣ በሸማቾች ዕቃ ደህንነት ረገድ፣ ከ750 ዋት በታች የሆነውንና በሞተሩ ብቻ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የማይደርሰውን ብስክሌት ይለዋል። ያው አንድ ዕቃ ባሕር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል።

ከተቀበረበት ያስወጣችው የወንድሜ ልጅ ናት። ሥራ ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም። መሄጃ ሁለት ታክሲ፣ መመለሻ ሁለት ታክሲ፣ በዚያ ላይ ሠልፉ። ከሰፈሯ እስከ መሥሪያ ቤቷ ካለው መንገድ አብዛኛው በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መሥመር ወጥቶለታል። “ጋሼ፣ ይኼ ነገር እውነት ሞቷል?” አለችኝ።

ሞቷል ያለው አንድ የሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ጎማው አልንቀሳቀስ ሲለው “ሞተሩ ተቃጥሏል” ብሎ ፈረደ። ሞተሩን ለእሱ ትተንለት በምትኩ ተራ ብስክሌት ሊያደርግልን ፈቃደኛ ነበር። ሞተር ውስጥ ያለው መዳብ በኪሎ እንደሚሸጥ እኔም አውቃለሁ። በጉዳዩ ውጤት ላይ ጥቅም ያለው ምስክር ቃሉ ባይጣልም በጥንቃቄ ይመዘናል። ብስክሌቱን ጭነን ወደ ቤቴ ወሰድነውና አንድ ርካሽ መልቲሜትር ገዛሁ። ከዚህ በኋላ ያደረግነውን በዝርዝር የምጽፈው፣ በየቤታችሁ በረንዳ ላይ ተመሳሳይ ፍርደኛ ሊኖር ይችላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ባትሪው ነው። የእኛ ከመቀመጫው ሥር አራት ጥቋቁር ባትሪዎች አሉት፤ ላያቸው ላይ 6-ዲዜድኤም-12 ተብሎ ተጽፏል። 6 ማለት እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ማለት ነው፤ 12ቱ ደግሞ 12 አምፒር-ሰዓት። አራቱ ተከታትለው ሲያያዙ 48 ቮልት ይሆናሉ። ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። 48 ቮልት ብዙ አያስፈራም ይባላል፤ ነገር ግን የባትሪው ሁለት ጫፎች በቀለበት ቢገናኙ የሚፈሰው ኃይል ብረቱን በቅጽበት አግሎ ጣት ያቃጥላል።

የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ወደ 10.5 ከወረደ ባዶ ነው። የእኛዎቹ 11.9፣ 11.4፣ 6.2 እና 3.8 አሳዩ። ባትሪ ባይነካም በራሱ ቀስ በቀስ ይፈሳል፤ ባዶውን ሲቀመጥ ደግሞ በእርሳስ ፕሌቶቹ ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት እየጠጠረ ይሄዳል። አንዴ ከጠጠረ ቻርጀር አያሟሟውም። ወንድሜ ብስክሌቱን በየሁለት ወሩ አንድ ሌሊት ቻርጅ ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። “ሁለቱ ደህና ናቸው” ብዬ ሁለቱን ብቻ ቀየርኩ፤ ያውም ለኮምፒውተር ዩፒኤስ በሚሸጡ ባትሪዎች። ልኩም ቮልቱም አንድ ነበር፣ ዋጋውም ረከሰልኝ። ተከታትለው በተያያዙ ባትሪዎች ውስጥ ግን ቻርጀሩም ሆነ ኮንትሮለሩ የሚያየው የአራቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ጤንነት አይደለም። ኮንትሮለሩ ባትሪውን ለመጠበቅ ኃይል የሚቆርጠው ድምሩ ወደ 42 ቮልት ሲወርድ ነው። እስቲ አስሉት፡- ሁለቱ አዲሶች 12.3፣ 12.3፣ አንዱ አሮጌ 10፣ ሌላው አሮጌ 7.4 ቢሆኑ ድምሩ ልክ 42 ነው። ደካማው ከልኩ በታች ወርዶ እየሞተ እያለ ሕጉ አልተጣሰም ማለት ነው! የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ተሞልቶ እንዲጠብቅ እንጂ በየቀኑ እንዲራገፍ የተሠራ አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ አራቱም ከጥቅም ውጪ ሆኑ። በመጨረሻ አራት አንድ ዓይነት የብስክሌት ባትሪዎች በአንድ ቀን ገዛሁ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝም ይኼንኑ ነው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። ያኔ፣ ሁለቱን ባትሪዎች የቀየርኩ ሰሞን፣ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ በራ፤ ጎማው ግን አልንቀሳቀስ አለ። “ጠጋኙ እውነቱን ነበር ማለት ነው?” አለች ልጅቱ።

ሞተር መቃጠል አለመቃጠሉን ለማወቅ ጠበብት መሆን አያስፈልግም። ባትሪውን ካላቀቅን በኋላ ከኋላ እግሩ የሚመጡትን ሦስት ወፋፍራም ሽቦዎች፣ ማለትም ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ከኮንትሮለሩ ነቀልናቸው። ጎማውን ከመሬት አንስተን በእጅ ስናዞረው ያለችግር ተሽከረከረ። ቀጥሎ ከሦስቱ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አገናኘንና እንደገና አዞርነው። አሁን ጎማው በእጃችን ላይ እየተንገራገጨ እምቢ አለ። ሌሎቹንም ጥንዶች በየተራ ሞከርን፤ ያው ሆነ። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ሲያገኝ ጎማውን ይይዘዋል። ጥምጥሙ ቢቃጠልና ሽቦዎቹ እርስ በርስ ቢገናኙ ኖሮ ጫፎቹን ሳናገናኛቸውም ጎማው በከበደን ነበር። ጥምጥሙ ቢበጠስ ደግሞ አገናኝተናቸውም የማይከብድ ጥንድ ባገኘን ነበር። ሽቦዎቹ ሲነቀሉ የሚቀልና ሲሰኩ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው ኮንትሮለሩ ነው። የእኛው ተሰክቶም ቀላል ነበር። ሞተሩ እንግዲህ ወንጀለኛ አልነበረም።

ቀጥሎ የፍጥነት እጀታው። ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ 5 ቮልት ይቀበላል፣ አንዱ መሬት ነው፣ ሦስተኛው እጀታው ሲዞር ከ0.8 ቮልት ተነሥቶ እስከ 4 ቮልት አካባቢ ይወጣል። ለካነው፤ እንደተጻፈው ወጣ። ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች መሰኪያ ከፈትን፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነበረው፣ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረግነው። አሁንም የለም።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። በእነዚህ ብስክሌቶች የፍሬን እጀታ ውስጥ ትንሽ ማብሪያ አለች። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንዲቆም ለኮንትሮለሩ ትነግረዋለች። ደህንነት ነው፤ ፍሬን ይዘህ ሞተሩ እየገፋህ እንዳትሄድ። የግራው ፍሬን እጀታ ስፕሪንግ በዝገት ተይዞ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም ነበር። ለዓይን የተመለሰ ይመስላል፤ ለማብሪያዋ ግን ያ ሁሉ ዓመት ፍሬኑ እንደተያዘ ነው። መሰኪያዋን ለሙከራ ነቀልናት። ልጅቱ እጀታውን ስታዞረው የኋላ ጎማው ተነሥቶ በረረ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ መሰኪያዋን እንደተነቀለች ትቶ ይነዳል። አታድርጉት። ስፕሪንጉን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን፣ ዘይት ነክተን፣ ማብሪያዋን ወደ ቦታዋ መለስናት።

ብስክሌቱ ስለተነሳ ተጠናቀቀ ማለት አይደለም፤ ከልጅቱ ጋር የተጣላነውም እዚህ ላይ ነው። በማግሥቱ ይዛው ልትወጣ ፈለገች። የፍሬን ጎማዎቹ ግን ከመድረቃቸው የተነሳ እንደ ድንጋይ ሆነዋል፤ የፍሬን ሽቦው ዝጓል፤ ካላማዳሪው ሲነፋ ከቫልቩ ሥር ተሰነጠቀ። ከነባትሪው 40 ኪሎ ግድም የሚመዝን ነገር ከነነጂው ቁልቁለት ላይ ሲለቀቅ የሚያቆመው ሞተሩ አይደለም። ሁለት ሳምንት አስጠበቅኳት። ጎሚስታው ሁለቱንም ጎማ ቀየረ፣ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው ግራሶ ተቀቡ፣ የፍሬኑ ነገር በሙሉ አዲስ ሆነ። አኩርፋኝ ነበር፤ ይሁን።

ሊቲየም ባትሪ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን እንደ እርሳሱ ይቅር ባይ አይደለም። ለዓመታት ተቀምጦ እያንዳንዱ ሴል ከ2 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ፣ እንደገና ሲሞላ በውስጡ ሊገናኝና ሊቃጠል ይችላል። “መከላከያውን አልፌ በቀጥታ ላስነሳልህ” የሚል ባለሙያ ቢመጣ እምቢ በሉ። ቻርጀርም አትዋዋሱ፤ 48 ቮልት የሚባለው ባለ 13 ሴል ሊቲየም 54.6 ላይ መቆም ሲኖርበት የእርሳሱ ቻርጀር እስከ 59 ቮልት አካባቢ ይገፋል። መሰኪያቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ልጆች በተኙበት ክፍል፣ መውጫ በር ሥር፣ ሌሊት ሰው ሳያይ ቻርጅ ማድረግም አይገባም።

ስንት ያስኬዳል ለምትሉ፡- በወረቀት ላይ 48 ሲባዛ በ12፣ 576 ዋት-ሰዓት ነው። ከእርሳስ ባትሪ ሁሉንም አሟጦ መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥራልና ግማሹን አስቡ። የእኛ ከተማ ደግሞ አቀበት ናት። ብስክሌቱና ነጂው ተደምረው 110 ኪሎ ቢሆኑ፣ 100 ሜትር ከፍታ መውጣት ብቻ 30 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ በየመንገዱ የሚባክነው ሲታከል ከ40 ያልፋል። ፔዳሉን እያገዙ ነው እንጂ ቁጭ ብሎ የሚሄዱበት አይደለም።

አሮጌዎቹ ባትሪዎች ደጅ ወጥተው ገና ሳይቀዘቅዙ ቁራሌው መጣ። ጥሩ ዋጋ ሰጠ። ልሸጥለት ከጫፍ ደርሼ አንድ የኬንያ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በምትባል የድሆች መንደር ያገለገሉ ባትሪዎችን የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነዋሪውን በእርሳስ በከለ። የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሺሊንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ፤ ክርክሩም እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። እርሳስ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ካሣ ደግሞ አእምሮ አይመልስም። ቁራሌው ክፉ ሰው አይደለም፤ ባትሪው ከእሱ እጅ በኋላ በማን ግቢ፣ በምን ድስት እንደሚቀልጥ ግን እሱም እኔም አናውቅም። አዲሶቹን ለሸጠልን ነጋዴ አሮጌዎቹን በቅናሽ አስረከብኩ። ከቁራሌው ዋጋ አነስ ይላል።

አሁን ልጅቱ በየቀኑ ትነዳዋለች። ወንድሜ እስካሁን “ወንድምጋሼ፣ ሞተር ነው ቢሏትስ?” ማለቱን አልተወም። እኔ ደግሞ በየእሑዱ መልቲሜትሬን ይዤ ወደ ቤታቸው ጎራ እላለሁ። ባለፈው እሑድ ሦስቱ 12.7 ሲያሳዩ አራተኛው 12.5 አሳየ። ምልክት አድርጌበታለሁ።