ጓያና የባዮኬሚስትሪ ሊቃውንት

ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከጋይንት መጥቶ እዚህ ከእኛ ጋር የሚማር ሰው፣ በልጅነቱ ወደ ገበያ ሲወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ሁለት ምርኩዝ ይዞ፣ ጉልበቱን እያጋጨ፣ በእግሩ ጣቶች ጫፍ የሚራመድ ሰው ሳያይ አልቀረም። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ «ጓያ ሰብሮት ነው» የሚል ነው። እንዴት እንደሚሰብር ግን የሚነገረው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ እንፋሎቱ ነው ይላል፣ ሌላው ገለባው ላይ የተኛ ሰው ነው የሚያዘው ይላል። እናቴም ጓያ በተጣደበት ቀን ከምድጃው አጠገብ አታስቆመኝም ነበር። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ስለ ግሉታሜት ሲያስተምሩ በሰሌዳው ላይ ከጎኑ አንድ ሌላ ቅንብር ሥለው «ይህ ደግሞ የጓያ መርዝ ነው» ባሉን ጊዜ፣ እኔ እርሳሴን አስቀምጬ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በዚያች ትንሽ ሥዕል ጀርባ ማን እንዳለ ለማወቅ ፈልጌ ያነበብሁትን ነው እነሆ የማቀርበው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ እህሉ ትንሽ መናገር ይገባል፤ ጓያ ስሙ ቢከፋም መጥፎ እህል አይደለምና። ዝናቡ ሊያልቅ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ይዘራል፣ ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ውኃ ቢተኛበትም ድርቅ ቢመታውም ይችላል። ከክብደቱ ሩብ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ሽሮ፣ ቂጣ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ እሸት ይሆናል። በደኅና ዘመን ከጤፍና ከገብስ ጋር ሲበላ ማንንም አይጎዳም። አደጋው ያለው በደግነቱ ላይ ነው። ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ ጓያ ብቻ ይቀራልና፣ ድኻው ጠዋትም ማታም እሱን መብላት ይጀምራል። ከምግቡ ሲሶ በላይ ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወር ከዘለቀ፣ አንድ ቀን ማለዳ ሰውየው ሲነሣ እግሩ እንደ ግንድ ደርቆ ያገኘዋል። አእምሮው ደኅና ነው፣ ዓይኑም ደኅና ነው፤ በበሽታው አይሞትም፣ አይድንም።

በሽታውን «ላቲሪዝም» ብሎ የሰየመው ካንታኒ የተባለ የኢጣሊያ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም 1873 ነበር። በእህሉ ውስጥ ያለው ጎጂ ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ከዚያ በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ማንም ሳያውቀው ቆየ። በመንገዱም ላይ አንድ አሳሳች ነገር ተፈጠረ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ኬሚስቶች የጓያን ዘመድ፣ ለአበባው ውበት የሚተከለውን፣ ለአይጦች እየመገቡ አንድ መርዝ አወጡ። ነገር ግን የአይጦቹ አጥንት ተጣመመ እንጂ ነርቫቸው አልተነካም፤ የሰው በሽታ ደግሞ የነርቭ ነው። ያ መርዝ ኋላ የሰውነታችን ጅማትና አጥንት እንዴት እንደሚተሳሰር ለማጥናት እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። የሳይንስ ሥራ እንዲህ ነው፤ ያልፈለጉትን ያገኙና የፈለጉት ይቀራል።

የተፈለገው የተገኘው በ1964 በሕንድ አገር፣ በባንጋሎር ከተማ ባለው የሕንድ የሳይንስ ተቋም ውስጥ ነው። ሳርማ የተባሉት ፕሮፌሰር በሚመሩት የባዮኬሚስትሪ ክፍል፣ ራኦና አዲጋ የተባሉ ወጣት መርማሪዎች የጓያን ዱቄት በአልኮልና በውኃ እየዘፈዘፉ፣ የሚሟሟውን ከማይሟሟው እየለዩ ይሠሩ ነበር። ከእያንዳንዱ ክፍልፋይ ላይ ጥቂት ጥቂት ወስደው ለጫጩቶች ይወጋሉ። ጫጩቷ አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ ከወደቀች፣ መርዙ በዚያ ክፍልፋይ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ካልወደቀች ይጣላል። በዚህ ዓይነት እያጠበቡ ሄደው ንጹሑን ቅንብር አገኙት። እሱም በፕሮቲን ውስጥ የማይገባ አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ ረጅሙ ስሙ ቤታ ኦክሳሊል ዳያሚኖ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ሲሆን በአጭሩ ቤታ ኦዳፕ ይሉታል። በዚያው ዓመት ሌሎች የሕንድ ኬሚስቶችም ለብቻቸው ሠርተው ይህንኑ ቅንብር ይፋ አድርገዋል።

ከግሉታሜት ጎን የተሣለበት ምክንያት እንዲህ ነው። ግሉታሜት አንዱ ነርቭ ሌላውን የሚቀሰቅስበት መልእክተኛ ነው፤ በተቀባዩ ነርቭ ላይ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚገጥምበት ቦታ አለው። ኦዳፕ መልኩ ለግሉታሜት ስለሚቀርብ በዚያው ጓጉንቸር ይገባል፤ ልዩነቱ በሩን ከልክ በላይ ከፍቶ ማቆየቱ ነው። ነርቡም ከመጠን በላይ ተቀስቅሶ ይደክማል፣ ይሞታል። በዚህ ሐሳብ ላይ ጠንካራ ማስረጃ በ1986 ያቀረበው የስፔንሰር ቡድን ነው፤ መርዙን ለዝንጀሮ ዘሮች በማብላት የእግር መድረቅን አሳይቷል።

እነዚያ የባንጋሎር ሰዎች ኋላ የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። አዲጋ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረው የቪታሚን ተሸካሚ ፕሮቲኖችንና የእርግዝናን ባዮኬሚስትሪ በማጥናት ታወቁ። በዚያው ክፍል መርዙ በተክሉ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያጠኑ የነበሩት ፓድማናባን፣ ኋላ በወባ ምርምር ስማቸው ገንኖ ከ1994 እስከ 1998 የተቋሙ ዲሬክተር ሆኑ። በእንግሊዝ አገር የጓያን ዘመዶች አሚኖ አሲድ አንድ በአንድ ሲመረምሩ የኖሩት ባዮኬሚስት አርተር ቤል ደግሞ በ1981 የታወቀው የኪው የዕፀዋት መናፈሻ ዲሬክተር ሆነው ተሾሙ። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚማርኩኝ ግን ራኦ ናቸው። ወደ ሃይደራባድ ኦስማንያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ያችኑ ጥያቄ ይዘው ቆዩ፤ በ1978 የኦዳፕን መጠን በቀለም የሚለካ ርካሽ ዘዴ አወጡ። ውድ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ሁሉ ከዚያ ወዲያ በዚህ ዘዴ መጠቀም ቻለ። ለሽልማት የሚያበቃ ትልቅ ነገር አይመስልም፤ ነገር ግን ዝቅተኛ መርዝ ያለውን ዘር ከብዙ ሺህ ዘር መካከል ለመምረጥ ያስቻለ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መርዙ በታወቀ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በ1978፣ በጎንደር ስለ ደረሰ የጓያ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጻፈ። በ1990 ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው የመረመሩትን አወጡ፤ ሽባነቱ በገበሬው መካከል ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ሆነ ዓለም ያወቀው ከዚያ ሥራ ነው። ፎገራ ከእስቴ ሩቅ አይደለም።

የኛ ኬሚስቶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር ቴዎድሮስ ሰሎሞንና ግርማ ሞገስ ከስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆነው ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንድ ብልኅ መለኪያ ሠሩ። ችግሩ እንዲህ ነበር። ጓያ ሲሞቅ ከቤታ ኦዳፕ ከፊሉ ወደ አልፋ ኦዳፕ ይለወጣል፤ አልፋው መርዝነቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ተራ ዘዴ ግን ሁለቱን ደምሮ ይቆጥራል። እነሱ ግሉታሜት ኦክሲዴዝ የሚባለውን ኤንዛይም ከኤሌክትሮድ ጋር አያያዙት። ኤንዛይሙ ቤታውን ይነካል፣ አልፋውን አይነካም። ስለዚህ ከበሰለው ምግብ ውስጥ ጎጂው ብቻ ተለይቶ ይቆጠራል። ነርቭን የሚያታልለው የግሉታሜት መልክ ኤንዛይሙንም ማታለሉ እዚህ ላይ በጎ ሥራ ሠራ። ይኸው ቡድን የጤፍና የጓያ ድብልቅ ሊጥ ሲቦካ ምን እንደሚሆንም መርምሯል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እውቀት ባለበት ዘመን፣ በ1997፣ ከጋይንት በስተ ምሥራቅ ባለው በደላንታና ዳውንት ድርቅን ተከትሎ ከ2000 በላይ ሰው እግሩ ደረቀ። ወረርሽኙን ለዓለም ያሳወቁት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ላምባይን ከተባሉት የቤልጂግ ባዮኬሚስት ጋር ሆነው በ1999 ነው። ላምባይን በጌንት ዩኒቨርሲቲ የጓያን ኬሚስትሪ ለብዙ ዓመታት ያጠኑ ሰው ናቸው። ዶክተር ኃይለኢየሱስም ኋላ በዓለም የጤና ድርጅት ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሰዋል። እነዚህ ሰዎች በ2003 ያወጡት ጥናት ከሁሉ የበለጠ ልቤን ነካው፣ ስለ ወጥ ቤት ነውና የሚናገረው። ንፍሮና ቆሎ አድርጎ የበላ ሰው አደጋው ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ እሸቱን በጥሬው የበላ ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል። እንጀራ፣ ቂጣና ሽሮ አድርጎ የበላው ግን አደጋው አልጨመረም። ወጡ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መግባቱም፣ እህል መደባለቁም አደጋውን ቀንሶታል። ባዮኬሚስቶቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ጓያ ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል፤ ጤፍና ገብስ ግን ይህን ያሟላሉ ይላሉ።

አሁን እዚህ ላይ ነገሩን ልብ እንበል። እሸትና ቆሎ የሚበላው ማን ነው? እንጨትም ሊጥም ጊዜም የሌለው፣ መከር እስኪደርስ መጠበቅ ያልቻለ ረኃብተኛ ነው። እንጀራ የሚያደርገው ደግሞ የሚደባልቀው ጤፍ ያለው ነው። በሽታው በእህሉ ውስጥ ያለውን ያህል በጎተራው ባዶነት ውስጥም አለ።

ስለ ዘሩ የሚሠራው ሥራ ቀጥሏል። ዋሴ የተባለው መርዙ አነስተኛ የሆነ ዝርያ ለአገራችን ገበሬ ተለቋል። ነገር ግን ንቦች ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት ያመጣሉ፤ ደግሞም ድርቅ ሲበረታ በተክሉ ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር እህሉ ይበልጥ በሚበላበት ዓመት ይበልጥ ይመርዛል። በ2023 በእንግሊዝ አገር በጆን ኢንስ ማእከል የሚሠሩ መርማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ኦዳፕን የሚሠሩት ኤንዛይሞች ተያይዘው እንደሚሠሩ አሳይተዋል፤ ስለዚህ አንዱን ኤንዛይም አሰናክሎ መርዝ አልባ ጓያ ማብቀል የሚቻልበት መንገድ ተከፍቷል። ከአንድ ድስት ከበሉ ወንድማማቾች አንዱ ተሰብሮ ሌላው የሚድንበት፣ ወንዶችም ከሴቶች ይልቅ የሚጠቁበት ምክንያት ግን እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ ሆኖ ይጠብቃል።

ባለፈው ክረምት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ያነበብሁትን ለእናቴ በቀላል አማርኛ ነገርኋት። መርዙ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት አብዛኛውን እንደሚያወጣው ጭምር አጫወትኋት። እሷም ጓያውን በሰፌድ እያበጠረች ሰማችኝና «የመጀመሪያውን ውኃማ እኛም እንደፋለን፤ አያትህም ትደፋ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ «በዚያ በክፉው ዓመት ግን ልጄ፣ ምንጩ ደርቆ ውኃ ከገደል በታች በእንስራ ስንቀዳ፣ የሚደፋ ውኃ ማን ነበረው?» ብላ ማበጠሯን ቀጠለች።