እጀታው ይኑር፣ ስፖንጁ ይለወጥ
እጀታ ባላቸው የማጠቢያ ብሩሾች ላይ የተደረገ ዳሰሳ

ጀበና፣ ጀሪካን፣ የወተት ማመላለሻ ዕቃና ሮቶ በመጠን ቢለያዩም አንድ ጠባይ ይጋራሉ። አፋቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው። እጅ ወይ አይገባባቸውም፣ ወይ ገብቶ ጥጋቸው ላይ አይደርስም። የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ኑሮ ደግሞ ያለ እነዚህ ዕቃዎች አይሆንም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቤተሰቡ በጀሪካን ያጠራቅማል፤ አቅም ያለው ሮቶ ያስተክላል። ከሱሉልታና ከሰበታ ዙሪያ የሚታለበው ወተት በየማለዳው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። ለዋና ከተማዋ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ የሚገኘውም እዚያው ቡራዩ ጥግ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ውሃን ከማግኘት እኩል የሚያሳስበው ውሃው የሚቀመጥበትን ዕቃ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ነው።

ለዚህ ሥራ ገበያው የሚያቀርበው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አንድ ፊቱ አረንጓዴ የሆነው ቢጫ ስፖንጅ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ብሩሽ። ስፖንጁ በሳምንታት ውስጥ ይበጣጠሳል፤ ብሩሹ ከአንገቱ ይሰበራል። ሰው እንደገና ይገዛል፤ የተሰበረውም ቆሻሻ ላይ ይጣላል። ይህ ዳሰሳ እጀታ ያለው የስፖንጅ ብሩሽ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያበላሸው፣ ምን ቢደረግ እንደሚበረክትና እዚሁ አገር ውስጥ ለመሥራት ምን እንዳለን ይቃኛል።

ከቅጠል ወደ ፎም

ስፖንጅ ከመምጣቱ በፊት አገሩ ያለ መፈግፈጊያ አልኖረም። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ ጥጉ ላይ የተጣበቀውን አተላ ይፍቃል፣ መራራው ጭማቂም ጋኑን ያጸዳል። ለወተት ዕቃ ከሴ ይጠቀሙ ነበር፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እንሰት ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ገላም ዕቃም ያሻል። ሳሙናው እንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ለሚገድለው ግኝታቸው መነሻ ሆኗል።

የእነዚህ መፈግፈጊያዎች ትልቁ ጥቅም በቀላሉ የሚታለፍ ነው። ግራዋው ጋኑን አጥቦ ይጣላል፤ ለሚቀጥለው ጥንስስ አዲስ ይቀጠፋል። ስለዚህ የዛሬው እድፍ ለነገው ዕቃ አይተርፍም። ይህን ነጥብ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

እጀታ ያለው ሰፍነግም ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በስቅለት ዕለት በሚነበበው ወንጌል በሆምጣጤ የተነከረ ሰፍነግ በመቃ ላይ ተደርጎ ይቀርባል። ያ ሰፍነግ የባሕር እንስሳ ነው፤ ጠላቂዎች ከሜዲትራኒያን ባሕር ወለል እያወጡ ለዘመናት ሸጠውታል። ሮማውያንም በእንጨት ጫፍ ላይ አስረው ለንጽሕና ይገለገሉበት ነበር። ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ነገር በረጅም ዘንግ ጫፍ የማሰር ብልሃት ቢያንስ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

አሁን የምናውቀው ቅርጽ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩሬቴንን ፈለሰፉ፤ ለፍራሽም ለስፖንጅም የሚሆነው ለስላሳ ፎም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዛት መመረት ያዘ። በ1938 የአሜሪካው ዱፖንት የናይለን ጸጉር ያለው የጥርስ ብሩሽ ለገበያ አበቃ፤ ከዚያ በፊት የብሩሽ ጸጉር በአመዛኙ ከእንስሳ የሚገኝ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ስኮች ብራይት የሚለውን ሻካራ ጨርቅ አወጣ። አረንጓዴው ፊት የዚህ ዝርያ ነው። በርካሽ ስለሚመረት ዓለምን አዳርሷል፤ ዕድሜውን ግን ያሰበለት የለም።

እርጥበት የሚያመጣው ጣጣ

ስፖንጅ የሚወደድበት ምክንያትና የሚጠላበት ምክንያት አንድ ነው፤ ውሃ ይይዛል። የያዘው ውሃ ላርጎውን አረፋ ያደርገዋል፣ ቅባቱን ያነሳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ያው ውሃ ከምግብ ቅሪት ጋር በሺህ በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ 14 ያገለገሉ የወጥ ቤት ስፖንጆችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በአንዳንዱ ስፖንጅ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ50 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ አግኝተዋል። አብዛኞቹ ጤናማ ሰው የሚጎዱ አይደሉም። ባለቤቶቻቸው በየጊዜው እናጸዳቸዋለን ያሏቸው ስፖንጆች ግን ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ተመራማሪዎቹ የመከሩት ስፖንጅ በየጊዜው እንዲለወጥ ነው።

በ2021 ኖፊማ በተባለው የኖርዌይ የምግብ ምርምር ተቋም ያሉ ባለሙያዎች ስፖንጅን ከእጀታማ ብሩሽ ጋር አወዳደሩ። በብሩሹ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ከስፖንጁ ያነሰ ነበር። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሆን ብለው ሲጨምሩባቸው፣ ከአጠባ ወደ አጠባ በሚደርቀው ብሩሽ ላይ ተሕዋሲያኑ ሞቱ፤ እርጥብ በቆየው ስፖንጅ ውስጥ ግን ቆዩ። ልዩነቱን ያመጣው መድረቅ ነው።

ይህ ለእኛ የራሱ ትርጉም አለው። በበጋ የቡራዩ ፀሐይና ነፋስ ብሩሽን በአጭር ጊዜ ያደርቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ስፖንጅ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ማንጠልጠያ ቀዳዳና ውሃ የሚያንጠባጥብ ክፍት ጀርባ የንድፉ ዋና አካል ናቸው። በሁለት በኩል በፕላስቲክ የታፈነ ስፖንጅ የቱንም ያህል ቢያምር ለክረምት አይሆንም።

የት ይሰበራል?

የተጣሉ ብሩሾችን ሰብስቦ ላየ ሰው ጉዳታቸው በጥቂት ቦታዎች ተደጋግሞ ይገኛል።

የመጀመሪያው አንገት ነው። ሰው እጀታውን ጫፉ ላይ ይዞ ሲጫን፣ ኃይሉ በእጀታው ርዝመት ተባዝቶ ቀጭኑ ቦታ ላይ ያርፋል። እጀታውና ራሱ የሚገናኙበት ማዕዘን ሹል ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። መፍትሔው ብዙ ፕላስቲክ አይፈልግም። ማዕዘኑን ማክበብና ከሥሩ የጀርባ አጥንት የሚሆን ወጣ ያለ መስመር መስጠት በቂ ነው። የአንድ ዘንግ ውፍረት በሚታጠፍበት አቅጣጫ በእጥፍ ሲያድግ ግትርነቱ 8 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ በትክክለኛው ቦታ የተጨመረች ጥቂት ሚሊሜትር ብዙ ትሠራለች።

ሁለተኛው ሙጫ ነው። ስፖንጅ በሙጫ ከተያዘ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይለያዩታል። በጥርስ የሚነክስ፣ ተከፍቶ የሚዘጋ መቆንጠጫ ግን ስፖንጁን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲያረጅም ይለቀዋል። የፎሙ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ከፖሊኤስተር የተሠራ ፖሊዩሬቴን በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ ይፈራርሳል፤ ከፖሊኤተር የተሠራው ውሃን የተሻለ ይችላል።

ሦስተኛው ጸጉሩ ነው። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በረኪናም ይጎዳዋል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፣ በረኪናንም ይችላል፤ ከታጠፈ ግን ቀጥ ብሎ አይመለስም። ፒ.ቢ.ቲ. የሚባለው ፕላስቲክ ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣና ቅርጹን ስለሚጠብቅ ለእርጥብ ሥራ ይመረጣል። ጸጉሩን ቀዳዳው ውስጥ የሚያጣብቀው ሽቦም ዝገት የማይበላው መሆን አለበት። ካልሆነ ጸጉሩ በነዶ በነዶ ይወልቃል፤ ወተት ዕቃ ውስጥ የወለቀ ጸጉር ደግሞ ራሱ አደጋ ነው።

አራተኛው ፀሐይ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስላሉ ጨረሩ ይበረታል። ብሩሹን የሚያደርቀው ፀሐይ ፕላስቲኩን በጨረሩ እያዳከመ ያሰባብረዋል። ጥቁር የካርቦን ቀለም የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ይህን ጨረር ከሁሉ የተሻለ ይቋቋማል። እጀታው ጥቁር ቢሆን ለመልክ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የእንጨት እጀታስ? ወይራ ጥብቅ ነው፤ ጽድ ብስባሴን ይቋቋማል፤ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በየአጥሩ ይገኛል፤ ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ነው። ሁሉም ግን ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። እንጨት ለእጀታው መልካም ነው፤ ውሃ ውስጥ ለሚነከረው ራስ ግን አይመከርም።

ለየዕቃው የራሱ

ሁሉን የሚያጥብ አንድ ብሩሽ ፍለጋ ብዙ ንድፎችን አበላሽቷል። ዕቃዎቻችን የሚጠይቁት የተለያየ ነው።

ጀበና ሳሙና አይፈልግም፤ ሸክላው ጠጥቶ በቡናው ላይ ይመልሰዋልና። የሚፈልገው በአንገቱ አልፎ ታች የተኛውን አተላ የሚያነሳ ለስላሳ ጸጉር ነው። ለዚህ የሚስማማው በሁለት የተጠመዘዙ ሽቦዎች መካከል ጸጉር የተያዘበት የጠርሙስ ብሩሽ ነው። የሽቦው ጫፍ ሸክላውን እንዳይጭር ወደ ውስጥ መታጠፍ ወይም በጸጉር መሸፈን አለበት። ምጣድ ደግሞ ብሩሽም ስፖንጅም አይነካውም፤ የእርሱ ነገር በማሰሻና በጎመን ዘር ያልቃል፤ ፎም ቢነካውማ ይቀልጣል።

ጀሪካን እርስ በርሱ የሚጋጭ ጥያቄ ያቀርባል። አፉ ጠባብ መሆኑ ውሃውን እጅ ከሚያገባው ብክለት ይጠብቀዋል፤ ያው ጥበት ግን ጥጉን ከመታጠብ ይከለክላል። ጠጠርና አሸዋ ከውሃ ጋር ጨምሮ መናጥ የተለመደ ዘዴ ነው። በውስጡ የሚበቅለውን አረንጓዴ ልባስ በከፊል ያወርዳል፤ ፕላስቲኩን ግን ይጭራል፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ልባሱ እንደገና ይበቅላል። እዚህ የሚያስፈልገው በአፉ ሲገባ የሚተኛ፣ ውስጥ ሲደርስ ወደ ጎን የሚከፈት፣ እጀታው ጥግ እስከሚነካ የሚረዝም የስፖንጅ ራስ ነው።

የወተት ዕቃ ከሁሉም ጥብቅ ነው። በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል፤ ትኩስ ውሃ ቀድሞ ከገባ የወተቱን ፕሮቲን አብስሎ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየተፈገፈገ ይታጠባል፤ በመጨረሻ ተዘቅዝቆ ይደርቃል። አሳሳቢው ቦታ የዕቃው ጥግና የመያዣው ሥር ነው፤ ቅባቱ እዚያ ይደበቃል። ጫፉ የሾጠጠ ጸጉር እዚያ ይደርሳል። ሽቦ ግን የፕላስቲክ ወተት ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ለሮቶ የሚሆነው ሰው ሳይገባበት ከላይ የሚደርስ፣ የሚቀጣጠል ዘንግ ያለው ብሩሽ ነው። በመኪና እጥበት የተሰማሩ ወጣቶችም የሚፈልጉት ረጅም ዘንግ ነው። ለእነርሱ አሸዋ ከስፖንጁ ላይ በቀላሉ መርገፍ አለበት፤ ካልሆነ ቀለሙን ይጭራል።

የአያያዝ ምቾትም አለ። ተጨብጦ ለሚያዝ እጀታ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ለእጅ ይመቻል። ከዚያ የቀጠነው ጣት ያደክማል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የምታጥብ የምግብ ቤት ሠራተኛ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

እዚሁ ለመሥራት

ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነው። የፍራሽ ፋብሪካዎች የፎም ቁርጥራጭ ያወጣሉ፤ በየቤቱና በየመኪና እጥበቱ ለስፖንጅነት የሚያገለግለው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን ለእጀታ ይሆናል። ጥንቃቄው መለየት ላይ ነው። የውሃ ጠርሙስ ከወንበር ጋር፣ ወንበር ከጀሪካን ጋር አብሮ ቢቀልጥ ፕላስቲኮቹ አይዋሐዱም፤ የሚወጣው እጀታ ተሰባሪ ይሆናል። ዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ከተጻፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጀሪካን ላይ የሚገኘው 2 ሌላ ነው። የውሃ ጠርሙስም ቢሆን አይጣልም። በብራዚል ጠርሙሱን በቀጭኑ እየሸነሸኑና በሙቀት እያጠናከሩ የመጥረጊያ ጸጉር ያደርጉታል፤ ማሽኑ ቀላል ስለሆነ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች አይከብድም።

ከባዱ ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ሞልድ ነው። ጥሩ ሞልድ ትክክለኛ ማሽንና ሰፊ ገበያ ይፈልጋል። ለመነሻ ግን እጀታውን ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ፣ መቆንጠጫውን ከብረት መሥራት ይቻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች አሮጌ ብረት ወደ ምድጃና ወደ መጥበሻ ሲቀይሩ ዘመናት አስቆጥረዋል፤ ስፖንጅ የሚነክስ መቆንጠጫ ከእነርሱ አቅም በታች ነው። ቡራዩ ውስጥም የፈጠራ ዝንባሌ ላላቸው ወጣቶች የተቋቋመ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩት አለ። እንዲህ ያለ የዕለት ተዕለት ዕቃ እንደ ሮቦቱና እንደ ሶፍትዌሩ ሁሉ የወጣት አእምሮ ሊሰጠው ይገባል።

ሕጉም በር ከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፈጠራ ባለቤትነት (ፓተንት) ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራና ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል። የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል፤ የንድፍ ጥበቃም 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊታደስ ይችላል። ብሩሽን የመሰለ የታወቀ ዕቃ ላይ አዲስ መቆንጠጫ ያሰበ ሰው ማመልከት ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ማጠቃለያ

ጥንካሬ ሲባል ሁሉም ክፍል ለዘላለም ይኑር ማለት አይደለም። ዕድሜ ሊሰጠው የሚገባው እጀታው፣ አንገቱና መቆንጠጫው ነው። ስፖንጁ ግን እንደ ግራዋው ቅጠል አገልግሎ እንዲሄድ፣ በርካሽና በቅርብ በሚገኝ አዲስ እንዲተካ ሆኖ መሠራት አለበት። ዛሬ የሚሸጠው ብሩሽ ይህን ገልብጦታል፤ ስፖንጁ ሲበላሽ እጀታው አብሮ ይጣላል፣ እጀታው ሲሰበር ደህናው ጸጉር አብሮ ይባክናል።

ስለዚህ ብሩሽ ልሥራ የሚል የቡራዩ፣ የሰበታ ወይም የሱሉልታ ወጣት ሥራውን ከጀሪካኑ አፍና ከወተት ዕቃው ጥግ ይጀምር። ጥበቱን ይለካ፤ አንገቱን ያክብብ፤ ሙጫውን ትቶ መቆንጠጫ ያድርግ፤ ለክረምት የሚያንጠባጥብ ጀርባና ማንጠልጠያ ይስጠው። መለዋወጫ ስፖንጁንም ከብሩሹ ጋር በየሱቁ ያድርስ። ገዢው ደግሞ ከዋጋው በፊት ስፖንጁ ሲያልቅ መለወጫ እንዳለው ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በየሱቁ ከተደጋገመ ነጋዴውም አምራቹም መልስ ለማምጣት ይገደዳሉ።