ወንዙ ላይ ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው?

ዩቲዩብ ላይ ዓሣ አጥማጅና ተቆጣጣሪ ሲገናኙ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ወንዝ ዳር ወንበሩን ዘርግቶ፣ ዘንጉን ወርውሮ ተቀምጧል። ባርኔጣ ያደረገ ተቆጣጣሪ ከጫካው ብቅ ይልና «እንደምን ዋልክ? ፈቃድህን ልየው እስቲ» ይለዋል። ከዚያ የበረዶ ሳጥኑን ያስከፍታል፣ ዓሣውን ይቆጥራል፣ ርዝመቱን ይለካል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ወንዝ ላይ በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ሳያወጣ የተገኘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ፤ እነዚህን ቪዲዮዎች ሳይ የሚገርመኝ ቅጣቱ አይደለም። ሰውየው መምጣቱ ነው።

ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ብርዷን እንጂ ዓሣዋን የሚያውቅ የለም፤ ዓሣ ሲባል የወሎ ሰው ሐሳብ ቀጥታ ወደ ሐይቅ ከተማ ነው የሚሄደው። ግን በሽሎ የሚነሳው ከእኛው ከኩታበር በስተምዕራብ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ትንሽ ይጓዝና ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ዓባይ ይገባል። ስሙን በታሪክ ትምህርት ሰምታችሁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ለመድረስ የተሻገረው ወንዝ ነው። ዓሣም አለው። ይህን ስል ደሴ ያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ቆላው ወርደን ነበር። ውሃው ቀንሶ እዚህም እዚያም ኩሬ ሠርቷል። መንጠቆ ጥለን ብዙም ሳንቆይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከማዶ መጡ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ወሎ ነውና ከብቱም ልጁም ሳይጠየቅ አይታለፍም።

«ተየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ተኩታበር ነን አባባ።»

«የማን ልጆች?»

ነገርናቸው። የአክስቴን ባል አባት ያውቋቸው ኖሯል። ቢሆንም አልለቀቁንም፤ «የያዛችሁትን እስቲ አሳዩኝ» አሉ። መንጠቆውን፣ ትል ያለበትን ቆርቆሮ፣ የቦርሳችንን ውስጥ ሳይቀር አዩ። የያዝናቸውን ሁለት ዓሦች ግን ዘወር ብለውም አላዩአቸው።

«ዱቄት አልያዛችሁም?»

«የምን ዱቄት አባባ?»

«የብርብራ ነዋ!»

ለማያውቅ ሰው፦ ብርብራ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ፣ ዱቄት ሆኖ የረጋ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ሥራውን የሚሠራው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ወስዶ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዘዴው ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ ጣና አካባቢ ባሉ ወንዞችም ይታወቃል። ችግሩ አይመርጥም። መንጠቆ አንድ ዓሣ ነው የሚያወጣው፤ ዱቄቱ ግን ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም አንድ ላይ ይጨርሳል። በበጋ ደግሞ ዓሣው ሁሉ የተጠራቀመው እነዚያ ጥቂት ኩሬዎች ውስጥ ነው። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ሽቅብ ወጥቶ የሚራባው ከዚያ የተረፈው ነው። አንድ ኩሬ ተመረዘ ማለት የሚቀጥለው ዓመት ዘር ተበላ ማለት ነው።

ሽማግሌው ዓሣ በአፋቸው ዞሮ እንደማያውቅ ነገሩን። የሚያሳስባቸው ከኩሬው በታች የሚጠጡት ከብቶቻቸው ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፣ የደንብ ልብስ የላቸውም፣ ወረቀት የሰጣቸውም የለም። በሕይወቴ ወንዝ ዳር ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ «ምን ይዘሃል?» ብለው የፈተሹኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል፣ ተቆጣጣሪ የሚባል ሥልጣን ያለው ሰውም ያውቃል። የአማራ ክልልም በራሱ በኩል አዋጅ አውጥቷል። ከሁሉም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ በሽሎ ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ የእኔም፣ የእናንተም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ምን እንደሚደርስበት ደግሞ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገና ከጅምሩ ይማረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ስኮት ጎርደን የተባለ ካናዳዊ ኢኮኖሚስት ነገሩን ያስረዳው በሌላ ሳይሆን በዓሣ ነበር፦ እኔ ዛሬ ያልያዝኩትን ነገ ሌላው ይይዘዋል፣ ስለዚህ ልተወው ብል የምጎዳው እኔው ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሒሳብ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በሽሎ የወረደው ለመዝናናት ነው እንጂ እንጀራው ሐይቅ ላይ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታገኙት የሐይቅ ሐይቅ ላይ (ከተማውም ውሃውም ስማቸው አንድ ነው፣ ምን ላድርግ) በማህበር ተደራጅቶ ያጠምዳል። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተጠብሶ የሚቀርብላችሁ ቆሮሶ እዚያ ውሃ ውስጥ ድሮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ተራባ፣ ገበያም አገኘ። በተለይ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ዓሣ ቤቱ ወረፋ ይሆናል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሽቅብ ይወጣል።

ስለ ቆሮሶ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። እንግዲህ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ዳር ለዳር ሲጎተት ምን እንደሚሆን አስቡት። እናትም፣ ልጆችም፣ ጎጆም አንድ ላይ ይወጣሉ።

ተቆጣጣሪ ሐይቅ ላይ ይመጣል። ችግሩ ማን ጋር እንደሚመጣ ነው። የአክስቴ ልጅ እንዳጫወተኝ እሱን ማግኘት ቀላል ነው፦ በቀን ያጠምዳል፣ ዓሣውን የሚያወርድበት ቦታ የታወቀ ነው፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ። ፈቃድ ያለው ሰው አድራሻ አለው። ጠባብ መረብ ይዞ ሌሊት የሚገባው አድራሻ የለውም። ስለዚህ ጠባቂው በመጣ ቁጥር የሚያገኘው እሱን ነው፣ የሚለካው የእሱን መረብ ነው፣ ደረሰኙን የሚጠይቀው እሱን ነው። «እኔን ሲፈትሽ ያኛው ማዶ ሆኖ ያየናል» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። አንዳንዴ ፈቃዱን ባያወጣ ይሻለው እንደነበር ያስባል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ቁጥጥሩ ሕጋዊ የሆነውን ሰው ብቻ የሚያደክም ከሆነ ቀስ በቀስ ሕጋዊ መሆን ራሱ ኪሳራ ይሆናል።

ጌሪ ቤከር የሚባለው ኢኮኖሚስት አንድ ቀን የተማሪ ቃል ፈተና ላይ ለመድረስ ይቸኩላል። መኪናውን ክፍያ ያለበት ቦታ ቢያቆም ይረፍድበታል፤ ክልክል ቦታ ቢያቆም ሊቀጣ ይችላል። የመያዝ ዕድሉንና የቅጣቱን መጠን በጭንቅላቱ አሰላና ክልክሉ ቦታ አቆመ። አልተቀጣም። እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ወንጀልና ቅጣት የጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ መነሻ ይቺ ሒሳብ ነበረች፣ የኖቤል ንግግሩ ላይ ራሱ ተርኳታል። ወደ እኛ እናምጣት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በጠባብ መረብ የተያዘ ሰው 5,000 ብር ይቀጣል እንበል። ከ100 ሌሊት አንዱን ብቻ የሚያዝ ከሆነ በአማካይ በሌሊት የሚከፍለው 50 ብር ነው። ሁለት ቆሮሶ ሸጦ ይሸፍነዋል። ቅጣቱን እጥፍ ብታደርጉት 100 ብር ቢሆን ነው። ቅጣት ማሳደግ ቀላል ነው፤ ወረቀት ላይ ቁጥር መቀየር ነው። የመያዝ ዕድሉን ማሳደግ ግን ጀልባ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሌሊት የማይተኛ ሰው ይፈልጋል።

ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ክልላችን ጣና አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 በውጭ ዕርዳታ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ገባ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ጣና ውስጥ ግን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርባስ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ላይ ለመራባት እንደ ጉማራ ያሉ ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሰዉም መረቡን እዚያው አፉ ላይ ዘረጋ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሲከታተሉ የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዶ አገኙት። ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። አጥማጁም፣ ጠባቂውም። ቀድሞ የደረሰው አጥማጁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የጨረሰችው ይህንኑ ጉዳይ ስታጠና ነው። የጋራ ሀብት ሁሌ ይጠፋል የሚለውን አልተቀበለችም። ለዘመናት የቆዩ የመስኖ፣ የግጦሽና የዓሣ ማህበረሰቦችን አየችና የሚመሳሰሉበትን ነገር ጻፈች። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ እዚህ ይጠቅሙናል። አንደኛ፣ ጠባቂው ራሱ ተጠቃሚ ነው፣ ወይም ተጠሪነቱ ለተጠቃሚዎቹ ነው። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ተግሣጽ፣ ደጋግሞ ላጠፋ ደግሞ እየከበደ ይሄዳል። ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የበሽሎው ሽማግሌ ናቸው። የማን ልጆች እንደሆንን የጠየቁን ለወሬ አልነበረም። ዱቄት ቢያገኙብን ኖሮ ማታውኑ አክስቴ ቤት ይደርስ ነበር፣ ያ ደግሞ ከ5,000 ብር ይከብዳል።

ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉን አይችልም። ኮምቦልቻ ውረዱ። ቦርከና ላይ መንጠቆ የጣለን ልጅ ማንም ሊያስቆመው ይችላል፣ ከፋብሪካ የሚወጣውን ቱቦ ግን ማን ያስቆመዋል? ወደ ቦርከና የሚገቡት ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። እዚህ ላይ «የማን ልጅ ነህ?» አይሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪና ናሙና ይዞ የሚመጣ፣ በሩ ሲዘጋበት የማይመለስ መንግሥት ነው። ጠባቂ ስንል ሁሌ ዓይናችን መንጠቆ የያዘው ደሃ ላይ ማረፉ አይገባኝም።

ሐይቅ ላይ ያለው የአክስቴ ልጅ ማህበር በቅርቡ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነስቷል። አባላቱ በየተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሌሊት ሊጠብቁ ነው። ባትሪና አሮጌ ጀልባ አላቸው። የሌላቸው ሥልጣን ነው፤ ጠባብ መረብ ቢያገኙ መውሰድ አይችሉም፣ መደወል ብቻ ነው። የሚደወልለት ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝቷል። እስካሁን ሁለት ሌሊት ወጥተዋል። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ሰው አገኙ፤ መረቡን እየጎተተ ነበር።

«እና ምን አላችሁት?» አልኩት።

«ምን እለዋለሁ? አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ሁዳዴ እስኪያልፍ ታገሱኝ አለን።»