የአይ3ን ማዋቀሪያ በአንድ ፋይል ማጨናነቅ ቀርቷል
አዲስ አበባ ለቡ የምሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። «የመስኮት አስተዳዳሪው አይ3 ከአንድ ማዋቀሪያ ፋይል በላይ አይቀበልም» የምትሉኝ በዝታችኋል። ድሮ ልክ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከወጣው 4.20 ወዲህ ግን ሌላ ፋይል የሚያካትት «ኢንክሉድ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ከአይ3 ጋር የሚመሳሰለው ስዌይም አለው።

እኔ አቋራጭ ቁልፎቹን፣ ቀለሙንና የኪቦርድ ምርጫውን ለየብቻ አስቀምጣለሁ። በተለይ የኪቦርዱን ለዩት! ስዌይ ላይ እንግሊዝኛና አማርኛ ለመቀያየር «ዩኤስ» እና «ኢቲ» የሚሉትን የያዘች አጭር ፋይል ትበቃለች፤ ላፕቶፕ ስትቀይሩ እሷን መገልበጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተለዋዋጭ ላይ ነው። አይ3 ውስጥ በዋናው ፋይል ከ«ኢንክሉድ» በፊት የተጻፈ ተለዋዋጭ በተካተተው ፋይል ይሠራል፤ በተካተተው የተጻፈው ግን ዋናው ላይ አይሠራም። ስለዚህ «ሞድ» የሚለውን ተለዋዋጭ በዋናው ፋይል ከሁሉ በላይ አድርጉት።

ያልገባችሁን ጠይቁኝ፤ የስህተት መልእክቱንም ሳትቆርጡ ለጥፉልኝ።