ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከተማ ውስጥ ሰላም የነበረ መኪና በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ክፍያ ጣቢያው ሲቃረብ ፍሬን ቢይዙት መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ይደርሳል። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። ጋራዥ ሲገባ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ።» ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ዲስኩ መበላሸቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ያበላሸው ነገር ግን ሌላ ቦታ አድፍጦ ሊሆን ይችላል። እሱ ካልተነካ የቶርኖው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ሰላም የተከፈለ ኪራይ ነው።

ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይለውጣል። 1000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነሥቶ እስኪቆም የሚፈጥረው ሙቀት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ የሚቀንሱትን ትተን፣ ያን መንገድ ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ከ100 ፍጥነት ቢያንስ 25 ጊዜ እንደቆመ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ዲስኮቹ፣ ታምቡሮቹና ሸራዎቹ ናቸው።

ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱ ሸራዎች የሚሽከረከረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል። የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ከሆነ ጭመቃውም እኩል ነው። አንዱ ቦታ ከሌላው በ0.02 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ዓይንም ጣትም በማይለየው መጠን ቢወፍር ግን ያ ቦታ ባለፈ ቁጥር ፍሬኑ ጠበቅ ላላ ይላል። የትንሽ መኪና ጎማ በ100 ፍጥነት በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ምት የፊት እግሩና መሪው በባሕርያቸው ከሚርገበገቡበት ምት ጋር ሲገጣጠም ትንሿ ልዩነት ትልቅ ንቅጥቅጥ ትሆናለች። ፍጥነቱ ሲቀንስ ምቱ ይራራቃል፤ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ሳይታወቅ የሚከርመውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ውፍረቱን ምን አለያየው? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩ የተቀመጠበትን ፊት ነው። አሮጌው ዝገት ሳይጠረግ አዲስ ዲስክ ከተገጠመ፣ ወይም ጎሚስታው ብሎኖቹን በአየር መፍቻ አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ከሰደደው፣ ዲስኩ ሲዞር በጥቂቱ ይወላገዳል። የመጀመሪያው ቀን ምንም አይሰማም። ወጣ ያለው ቦታ ግን ፍሬን ባይያዝም በየዙሩ ሸራውን እየነካ ይፋቃል፤ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ይሳሳል። ያኔ ጎሚስታውን የሚያስታውሰው የለም።

ሌላው ሰበብ የአነዳድ ልማድ ነው። ረጅም ቁልቁለት ወርዶ፣ ዲስኩ እንደጋለ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መቆየት የሸራውን ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ያትማል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀው ከተያዙም ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ ሲያግል ይውላል።

ፍሬን ከመፍታት በፊት ግን መኪናውን ማዳመጥ ያዋጣል። ፍሬን ሳይያዝም ከ80 በላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነገሩ የጎማ ባላንስ ወይም የተጎዳ ጎማ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና መሪው ላይ ከተሰማ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ወንበሩና ወለሉ ላይ ከተሰማ ወደ ኋላ መመልከት ነው። ከኋላ ያለው ታምቡር ከሆነ ክብነቱን ማጣቱ ይጠረጠራል። በድንገተኛ ፍሬን ወይም በጭቃ ላይ ፔዳሉ እግር ሥር ቢንጠረጠር ኤቢኤሱ ሥራውን እየሠራ ነውና ለእሱ መካኒክ አያስፈልግም። ያረጁ ጎሚኒዎችና የላላ የመሪ መገጣጠሚያ ንቅጥቅጡን ባይፈጥሩትም ያጎሉታል።

ጎማው ሲወልቅ የዲስኩ ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ቢያንስ ስምንት ቦታ ይለካ። የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ታትሟል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት ይህን ቁጥር ይፈልግ። ቶርኖው ልጎት ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቅ ከታየበት፣ ዲስኩ ይቀየር፤ ሲቀየርም የግራውና የቀኙ አብረው። በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣም እንዲሁ ነው። ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ድረስ ስለሚጠነክር ፊቱ ቢላግም ችግሩ ይመለሳል።

ከመግጠም በፊት ማረፊያው ፊት ብረት እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ከተገጠመ በኋላ ውልግድናው ባለ መርፌ መለኪያ ተደቅኖ ይታይ፤ ብዙ አምራቾች የሚታገሡት 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ካለፈ ዲስኩን አውጥቶ በአንድ ብሎን አዙሮ መልሶ መግጠም አንዳንዴ ያለ ምንም ወጪ ያስተካክለዋል። የካሊፐሩ ዘንጎች ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ እንጂ ተራ ግራሶ አይቀቡም። የጎማው ብሎኖች በእጅ፣ ፊት ለፊት እየተሻገሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጥበቁ። ለብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች መጠኑ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አዲስ ሸራና ዲስክ በመጀመሪያው ቀን ከባድ ፍሬን አይወዱም። ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ያህል በመጠኑ እየያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በመሃል ነፋስ እንዲያገኛቸው እየነዱ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ሸራው ዲስኩ ላይ እኩል እንዲለመድ ያደርጋል።