አቢዬ ላይ የቀሩት አራቱ

ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. አቢዬ ግዛት ውስጥ ማቦክ በሚባል ቦታ ቅኝት ላይ የነበሩ የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች የተቀበረ ፈንጂ ፈነዳባቸው። አራት ወታደሮች ሞቱ፣ ሰባት ቆሰሉ። ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ከሆነች ገና 24 ቀኗ ነበር።

አቢዬን የማያውቅ ካለ፣ በሁለቱ ሱዳኖች መካከል ያለች፣ ንጎክ ዲንቃዎች የሚኖሩባት፣ ሚሲሪያ ዘላኖች ደግሞ ከብት ይዘው የሚወርዱባት፣ ነዳጅም ያለባት ምድር ናት። ለማን እንደምትሆን በሕዝበ ውሳኔ ይለያል ተብሎ ነበር፤ ሳይደረግ ቀረ። በግንቦት 2003 የካርቱም ጦር ከተማዋን ያዘ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብም ወደ ደቡብ ተሰደደ። በሰኔ ወር ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ሲስማሙ፣ ሁለቱም እሺ ብለው የተቀበሉት ጦር የኢትዮጵያን ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 4,200 ወታደር እንዲገባ ወሰነ። ልጆቹ ገብተው ገና ድንኳናቸውን ተክለው ሳይጨርሱ ነው እንግዲህ ይህ የደረሰው።

ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ቁስለኞቹን የምታነሣው ሄሊኮፕተር ደቡብ ሱዳን፣ ዋው ላይ ተዘጋጅታ ነበር። የሱዳን መንግሥት የበረራ ፈቃድ ግን በጊዜው አልመጣም። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ኃላፊ የነበሩት አላን ለሯ፣ ሄሊኮፕተሯ ብትነሣ እንመታታለን የሚል ዛቻ እንደደረሳቸው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ሦስቱ ቁስለኞች ሲጠብቁ አለፉ። ደሙ ለሚፈስ ሰው ፈቃድ ጠብቅ ይባላል?

የዚያን ሰሞን እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሠፈር ካሉት የአበሻ ቡና ቤቶች በአንዷ ወሬው ተነሣ። አንዱ “እኛን ያሰደደን መንግሥት ወታደሮች ናቸው፣ ምናችን ናቸው?” አለ። ሌላው ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከመካከላችን በወታደር እጅ የተጎዳ አለ። እኔ ግን የአስተማሪ ዓይን ነው ያለኝ። ወታደር ሲባል የማየው ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነው።

ሒሳብ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እኔ ሳልጨርስ እሱ መልሱን ይናገራል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ እንግሊዝኛው ጣለው፤ አባቱ ሞተዋል፣ መሬቷም ለሦስት ወንድማማች አትበቃም። ወታደር ሆነ። ለሰላም ማስከበር መመረጥ ደግሞ ለእንደሱ ዓይነቱ ትልቅ ዕድል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በዚያን ጊዜ ለአንድ ወታደር በወር 1,028 ዶላር ለላከው መንግሥት ይከፍላል፤ ወታደሩ እጅ የሚደርሰው አገሩ የወሰነለት ነው። ቢሆንም ከአበሉ ቤት ይሠራል፣ እናት ይጦራል፣ የማታ ትምህርት ይቀጥላል። ወሬውን እንደሰማሁ አገር ቤት ደወልኩ። ልጁ ደኅና ነው፣ ጭራሽ አቢዬ አልሄደም አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን፣ አራት ቤት ስልኩ ሌላ ነገር እንደሚናገር ትዝ ሲለኝ ደስታዬ አፌ ላይ መረረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተገለባበጠ። በግንቦት 2013 ዳርፉር ያገለገሉ 120 የሚሆኑ ሰላም አስከባሪዎች የትግራይ ጦርነት በርቶ ሳለ እዚሁ ሱዳን ጥገኝነት ጠየቁ፣ ገዳሪፍ ወዳለው ኡም ገርጉር ካምፕም ተወሰዱ። በ2014 ደግሞ ከአቢዬ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ከ500 በላይ የሚሆኑት አንመለስም አሉ። ትናንት መለዮ ለብሰው ስደተኛ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች የራሽን ካርድ ይዘው ከእኛ ኋላ ተሰለፉ። “ምናችን ናቸው” ያለውን ሰው ያኔ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ ያ ቡና ቤትም ሰዉም ተበተነ። አቢዬ ያገለገላችሁ ወንድሞች በመካከላችን ካላችሁ ግን አንድ ልመና አለኝ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ወደማስተምርበት ጥላ ብቅ በሉና ስለ ጓደኞቻችሁ ንገሯቸው፤ ማን ቀልደኛ እንደነበር፣ ማን ደብዳቤ ይጽፍ እንደነበር። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።